ሣሩ የመንግሥት፣ በሩ የግል፦ በምዕራብ አሜሪካ የግጦሽ ፈቃድ ለሚፈልጉ

ከዴንቨር ወይም ከላስ ቬጋስ ለበዓል ፍየል ፍለጋ መኪና ያስነሳ ሰው ያውቀዋል። ከተማው አልቆ ትንሽ ሲነዳ ሰውም ቤትም የማይታይበት ሜዳ ይጀምራል፤ ሜዳውም አያልቅም። ሲመለስ ለአንድ ሙክት ያወጣው ገንዘብ እያንገበገበው፣ ከጎኑ ለተቀመጠው ወዳጁ የሚለው አይለወጥም፦ «ይሄ ሁሉ ሣር የማን ነው? እኛስ ለምን አናረባበትም?»

የብዙው ባለቤት የፌዴራል መንግሥት ነው። ሣሩንም ያከራያል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኪራዩ ለአንድ ላም ከነጥጃዋ፣ ወይም ለ5 ፍየል፣ በወር 1.35 ዶላር ነበር። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው በዚያው ምሽት ፍየል መቁጠር ይጀምራል። እርስዎ ግን ቆጠራውን ለጊዜው ያቆዩት። ርካሹ ሣር ያለው ከውድ በር ጀርባ ነው፤ በሩም በግል የተያዘ መሬት ነው። ገንዘባቸውን የሚያጡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከብቱን አስቀድመው በሩን በኋላ የፈለጉት ናቸው። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አያፋልሱ።

1. መሬቱ የማን እንደሆነ ይለዩ

«የመንግሥት መሬት» ማለት አንድ ባለቤት ማለት አይደለም። ትልቁ አከራይ ቢ.ኤል.ኤም. የሚባለው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ከሚያስተዳድረው ወደ 245 ሚሊዮን ኤከር ውስጥ 155 ሚሊዮን ያህሉ ለግጦሽ የሚውል ነው። ሁለተኛው በግብርና ሚኒስቴሩ ሥር ያለው የደን አገልግሎት ነው፤ የተራራው ሣር በብዛት በእሱ እጅ ነው። ከእነዚህ ሌላ አብዛኛው የምዕራብ ስቴት ለትምህርት ቤቶች ገቢ ተብሎ የተሰጠው መሬት አለው፤ ካውንቲና ከተማም የራሳቸው አላቸው። ደንባቸው፣ ዋጋቸውና ማመልከቻቸው ሁሉ ለየቅል ነው። የአንዱን ደንብ ከጓደኛዎ ሰምተው ወደ ሌላው ቢሮ ቢሄዱ የሚተርፍዎት የቤንዚን ወጪ ነው።

ቦታም ይወስናል። ቢ.ኤል.ኤም. ግጦሽ የሚያከራየው በዋናነት በምዕራቡ ነው፦ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ዩታ፣ ዋዮሚንግ፣ አይዳሆ፣ ሞንታና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ኦሪገን፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን። ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ የሚኖሩ ከሆነ በጓሮዎ እንዲህ ያለ መሬት የለም። የዳላስ ሰው «እዚህ ሜዳው ሰፊ ነው» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ሜዳው ግን የሰው ነው።

ለዚህ ደረጃ የሚያስፈልግዎ የመሬት ባለቤትነትን በቀለም የሚለይ ካርታ ነው። ከቢሮው በወረቀት ይገዛል፣ በስልክ የሚሠራም አለ። ካርታውን ሲከፍቱ የግሉና የመንግሥቱ መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ ተሰባጥሮ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ትልቁ ስሕተት አጥር የሌለውን ሁሉ የመንግሥት፣ የታጠረውን ሁሉ የግል አድርጎ ማሰብ ነው። በምዕራቡ አጥር ከብት ለመለየት የሚቆም እንጂ የባለቤትነት ምልክት አይደለም።

2. የዜግነት ወረቀትዎን ያስቀድሙ

የቢ.ኤል.ኤም. ደንብ አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ እንዲሆን፣ ወይም ዜጋ ለመሆን ማመልከቻውን ወይም የፍላጎት መግለጫውን በሕጋዊ መንገድ ያስገባ እንዲሆን ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ነው፤ የፍላጎት መግለጫው ኤን-300 ነው። ኤን-300ን ዛሬ የሚሞላው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጠበቃዎ እንኳ «ይሄን ለምን ፈለግህ?» ሊልዎ ይችላል፤ ለሣር መሆኑን ይንገሩት።

በማኅበር ለመግባት ካሰባችሁ ማኅበሩ በስቴቱ ውስጥ ለመነገድ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ አባላቱም አንድ በአንድ መስፈርቱን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። ከአምስት ጓደኛሞች አንዱ ካላሟላ ችግሩ የአምስቱም ነው። ይህን ለመተማመን ብላችሁ በዝምታ አትለፉት፤ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ።

3. መነሻ ይዞታ ያግኙ

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራል ግጦሽ የሚሰጠው «መነሻ ይዞታ» ላለው ሰው ነው። ይህም በግል የያዙት፣ የገዙት ወይም የተከራዩት፣ ከብቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊመግብ የሚችል መሬት ነው። በበረሃማ አካባቢዎች ደግሞ የውኃ ቦታ ራሱ እንደ መነሻ ይዞታ ይቆጠራል። የግጦሽ ቅድሚያው የሚጣበቀው ከዚህ ይዞታ ጋር ነው። ይዞታው ሲሸጥ ቅድሚያው ተከትሎት ይሄዳል።

መንግሥት ይህን የሚጠይቀው ለማክበድ ብቻ አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ፍየል አለዎት እንበል፤ በመንግሥት መሬት ላይ የሚቆዩት ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁን እስከ ኦክቶበር፣ አምስት ወር ነው። ለእነዚህ አምስት ወራት በ2025ቱ ዋጋ የሚከፍሉት 270 ዶላር ነው (አሠራሩን ቁጥር 4 ላይ ያገኙታል)። ቀሪዎቹን ሰባት ወራት በረዶው ስር አይግጡም። አንድ ፍየል በቀን 4 ፓውንድ ድርቆሽ ቢበላ 200ው 800 ፓውንድ ይበላሉ፤ በ210 ቀን 168,000 ፓውንድ፣ ማለትም 84 ቶን ይሆናል። የድርቆሽ ቶን 200 ዶላር ቢሆን 16,800 ዶላር ነው። የበጋው ሣር 270፣ የክረምቱ ድርቆሽ 16,800! የመንግሥቱ ኪራይ ርካሽ ነው ብሎ የጀመረ ሰው የሚከስረው በጥር ነው። ድርቆሽ የሚያበቅል ወይም ክረምቱን የሚያስግጥ መነሻ ይዞታ ያለው ሰው ግን ይህን ወጪ ይቀንሳል።

ወደዚህ በር የሚገቡባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንዱ መግዛት ነው። «የግጦሽ ፈቃድ ያለው» ተብሎ የሚቀርብ እርሻ ዋጋው ከሌለው ከፍ ይላል፤ የፈቃዱ ጥቅም በመሬቱ ዋጋ ውስጥ ተደምሯል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ሕጉ ፈቃዱ በመንግሥት መሬት ላይ ምንም ዓይነት የባለቤትነት መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ያስቀምጣል። ነገ ቢሮው ድርቅ መጣ ወይም መሬቱ ተጎዳ ብሎ የከብቱን ቁጥር ቢቀንስ ለጠፋው ሣር ካሳ አይከፈልዎትም፤ ለሻጩ የከፈሉት ግን ተከፍሏል። ስለዚህ ሲደራደሩ የመሬቱን፣ የውኃ መብቱን፣ የቤቱንና የፈቃዱን ዋጋ ለየብቻ ይገምቱ። ደላላው «5,000 ኤከር» እያለ ሲጠራ ስንቱ በስምዎ እንደሚመዘገብ ይጠይቁት። አንዳንዴ መልሱ 80 ነው።

ሁለተኛው መነሻ ይዞታውን መከራየት ነው። ገንዘቡ ለማይበቃ ጀማሪ ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ከተማ የገቡበት፣ ጉልበቱ የደከመ ባለ እርሻ በምዕራቡ ሞልቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የግጦሽ ቅድሚያው ለእርስዎ እንደሚዛወር በስም ይጥቀስ፤ ጊዜውም ከ3 ዓመት አይነስ፤ የዝውውር ማመልከቻ በደንቡ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚቀርብ ነውና፣ ቢሮው ካልፈቀደ በቀር። በእጅ መጨባበጥ የተያዘ ኪራይ ቢሮው ፊት ዋጋ የለውም።

የደን አገልግሎት እዚህ ላይ ይከብዳል፦ መነሻ ይዞታውም ከብቱም የራስዎ ንብረት እንዲሆን ይፈልጋል። ተከራይቶ ለመጀመር ያሰበ ሰው ከቢ.ኤል.ኤም. መጀመሩ ይቀለዋል።

ገንዘብ ካነሰዎት የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለው፤ ቢሮው በየገጠሩ ካውንቲ ስለሚገኝ በአካል ሄደው ያነጋግሩ።

4. ፈቃዱን ቃል በቃል ያንብቡ

ሻጩ ወይም አከራዩ የያዘውን ፈቃድ ቅጂ ይጠይቁ። ካቅማማ ከአካባቢው ቢሮ ያገኙታል፤ ቢ.ኤል.ኤም. የእያንዳንዱን አሎትመንት፣ ማለትም ተለይቶ የተሰጠ የግጦሽ መሬት፣ የተፈቀደውን ቁጥርና ጊዜ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይዞታል። አምስት ነገር ይፈልጉበት፦ የከብቱ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን፣ የመንግሥት መሬት ድርሻ በመቶኛ፣ እና የሣሩ መጠን።

የሣሩ መጠን የሚለካው ኤ.ዩ.ኤም. በሚባል ስፍር ነው። አንድ ኤ.ዩ.ኤም. አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ወይም አንድ ፈረስ፣ ወይም 5 በግ፣ ወይም 5 ፍየል በአንድ ወር የሚበላው ሣር ነው። ለፍየል ሲሠሩ ቁጥሩን በወሩ አባዝተው ለ5 ያካፍሉ፦ 200 ፍየል በ5 ወር 1,000፣ ለ5 ሲካፈል 200 ኤ.ዩ.ኤም.፣ በ2025ቱ ዋጋ በ1.35 ሲባዛ 270 ዶላር። ፈቃዱ ላይ የመንግሥት ድርሻ 60 በመቶ የሚል ካለ የሚከፍሉት ለ120ው ብቻ ነው፤ ቀሪው 40 በመቶ በዚያው ክልል ውስጥ ካለ የግል ወይም የስቴት መሬት ስለሚበላ ያንን ለብቻው መያዝዎን ያረጋግጡ። በሚገቡበት ቀን ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆኑ የእነዚያው ፍየሎች ግልገሎች አይቆጠሩም። ፍየል የምትረግዘው አምስት ወር ያህል ስለሆነ በሚያዝያ እንድትወልድ አድርጎ ማስጠቃት ግልገሉን በነጻ ያስግጣል።

ዋጋው በየዓመቱ ማርች 1 ይታደሳል። በቀመሩ መሠረት ከ1.35 በታች አይወርድም፤ በአንድ ዓመትም ከ25 በመቶ በላይ አይለወጥም። በምዕራቡ በግል መሬት ላይ ተመሳሳዩ ሣር በአማካይ ከ20 ዶላር በላይ እንደሚከራይ ሲያውቁ ለፈቃዱ ያለው ሽሚያ ይገባዎታል።

ከአምስቱ ሁሉ አስቀድመው የከብቱን ዓይነት ይዩ። አብዛኛው ፈቃድ የተጻፈው ለላም ነው። «ላም የሚችል መሬት ፍየል ይችላል» የሚለው አባባል በአገራችን ያስኬዳል፣ በዚህ ፈቃድ ላይ ግን አያስኬድም። ዓይነቱን ማስቀየር የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ጥናቱ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ መልሱም «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። የላም ፈቃድ ያለውን እርሻ ለፍየል ብሎ መግዛት በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ውዱ ነው።

5. መሬቱን በእግርዎ ይርገጡት

ካርታው አረንጓዴ ያሳየዎታል፤ መሬቱ ግን ከሰል ሊመስል ይችላል። በኔቫዳ በረሃ ለአንድ ኤ.ዩ.ኤም. ከ10 ኤከር በላይ የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። ከመፈራረምዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይሂዱ፣ አንዴ በፀደይ ማለቂያ፣ አንዴ በኦገስት ሙቀት። በሁለተኛው ጉዞ የሚያዩት እውነተኛው መሬት ነው።

ውኃውን ይለኩ። ፍየል በሙቀት በቀን 2 ጋሎን ቢጠጣ 200ው 400 ጋሎን ይፈልጋሉ። ምንጩ ከደረቀ 1,000 ጋሎን የሚይዝ ቦቴ የሚያገለግልዎ ለሁለት ቀን ተኩል ነው፤ መንገዱ ቦቴውን ያስገባ እንደሆነም ይዩ። የውኃ መብት በስቴት ሕግ የሚመራ የብቻ ጉዳይ ስለሆነ ምንጩ መሬቱ ላይ መኖሩ የእርስዎ ነው ማለት አይደለም።

የዱር በግ ካለ ይጠይቁ። ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የተራራ በጎች ከቤት በግና ፍየል በሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ቢሮዎቹ በአቅራቢያቸው በግና ፍየል እንዳይገባ ይከለክላሉ። በአይዳሆ የፔዬት ብሔራዊ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዚህ ምክንያት የበግ ግጦሹን ትልቅ ክፍል ለመዝጋት ወስኗል። እርስዎ የሚያዩት መሬት ከዱር በግ መኖሪያ አጠገብ ከሆነ ፈቃዱ ዛሬ ቢኖርም ዕድሜውን አይመኑት።

መርዛማ ዕፅም አለ። ሃሎጄተን የሚባለው ሥጋማ ቅጠል ያለው አረም በተለይ ተርበውና ተጠምተው ከመኪና የወረዱ በጎችን በአንድ ጊዜ ይፈጃል። መድኃኒቱ ጥንቃቄ ነው፦ ከመግባታቸው በፊት ድርቆሽና ውኃ ያጥግቧቸው። ሎኮዊድ ደግሞ ቀስ እያለ አእምሯቸውን ያሳጣል። ሁለቱን በዓይን የሚያሳይዎት ሰው የካውንቲው የእርሻ ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው፣ ያለ ክፍያ።

ከአዳኝ አውሬ ኮዮት በሁሉም ቦታ አለ። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ተኩላ ተመልሷል፤ ስቴቱ ተኩላ ለገደለው ከብት በነፍስ ወከፍ እስከ 15,000 ዶላር ድረስ የገበያ ዋጋውን ይክሳል፤ ሬሳው ግን ሳይነሳ ለባለሙያ መታየት አለበት። ሁለት ጠባቂ ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ ከፍየል ጋር ያሳድጉ። ስልክ የማይሠራበት ተራራ ላይ ከእነሱ የተሻለ ዘበኛ አያገኙም።

በመጨረሻ ጎረቤቱን ቡና ጋብዘው ያነጋግሩት። ፋይሉ ውስጥ የሌለው ሁሉ እሱ ዘንድ አለ።

6. ማመልከቻውን ያስገቡ

ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ከግጦሽ መሬት ባለሙያው ጋር ቀጠሮ ይያዙ። ባለሙያዎቹ በፀደይ ሜዳ ላይ ስለሚውሉ በር ላይ ደርሶ መመለስ የተለመደ ነው። የሚሞሉት ቅጽ 4130-1ኤ የሚባለው ነው፤ ቅድሚያውን ከመነሻ ይዞታው ጋር አያይዞ ወደ ስምዎ የሚያዞረው እሱ ነው። ከግዢው ወይም ከኪራይ ውሉ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቀኑን ቀን መቁጠሪያዎ ላይ በቀይ ይጻፉት፤ በቤት ማጠብና በዕቃ ማጓጓዝ ወራት ሦስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ አያውቁም።

አብረው የሚይዙት የመሬቱን ሰነድ ወይም የኪራይ ውል፣ የዜግነት ማስረጃ እና የነባሮቹን ግንባታዎች ማዛወሪያ ነው። ይህ የመጨረሻው ይረሳል። የቀድሞው ባለ ፈቃድ የሠራው አጥር፣ ገንዳ፣ የውኃ ቧንቧ ካለ ድርሻው ወደ እርስዎ ተዛውሮ ካልተመዘገበ ከብት ለማስገባት አይፈቀድልዎትም።

ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ዓመት ነው፤ ደንቡን የጠበቀ ባለ ፈቃድ ሲታደስ ቅድሚያ አለው። ውሳኔው ካልተስማማዎት በቀረበው ውሳኔ ላይ በ15 ቀን ተቃውሞ፣ በመጨረሻው ውሳኔ ላይ በ30 ቀን ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ። ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ፖስታውን ከነማኅተሙ ያስቀምጡ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

7. ከሣሩ በፊት ክፍያ

በየዓመቱ ከወቅቱ በፊት ስንት ከብት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያስገቡ ለቢሮው ያሳውቃሉ፤ ቢሮው ቢል ይልካል። በተለየ ዕቅድ በኋላ እንዲከፍሉ ካልተፈቀደልዎ ሳይከፈል አንዲት ፍየል አትገባም። ከቀኑ 15 ቀን ካለፈ 25 ዶላር ወይም የቢሉ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ይቀጣሉ፤ ጣሪያው 250 ዶላር ነው። ለ270 ዶላር ቢል 27 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ ከገንዘቡ የሚከፋው መዘግየቱ በፋይልዎ ላይ መቀመጡ ነው።

ዓመቱን ማስገባት የማይችሉ ከሆነ፣ ፍየሎቹ ባይበቁ ወይም ቢታመሙ፣ ዝም አይበሉ። በጽሑፍ «ዘንድሮ አልጠቀምም» ብለው ያስፈቅዱ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሳይጠቀሙ ከቆዩ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል።

8. ሲያስገቡና ሲያስግጡ

ፍየሎቹ ሁሉ የስክራፒ በሽታ መከታተያ የጆሮ መለያ ይሠራላቸው። ከሌላ ስቴት የሚያመጡ ከሆነ ከመጫኑ በፊት የእንስሳት ሐኪም የጤና ወረቀት ያስፈልጋል። የገቡበትን ቀንና ቁጥር በደብተር ይያዙ፤ ደብተሩ በኋላ ይጠየቃል።

ጨው ከውኃ አጠገብ አያስቀምጡ። በብዙ ፈቃዶች ላይ ቢያንስ ሩብ ማይል እንዲርቅ ተጽፏል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ጨውና ውኃ አንድ ቦታ ከሆኑ ከብቱ እዚያው ሰፍሮ ዳሩን ያራቁተዋል፣ ራቅ ያለው ሣር ሳይነካ ይደርቃል። ሣሩንም እስከ ሥሩ አያስግጡ፤ ግማሹን ወስዶ ግማሹን መተው በዚህ ደረቅ አገር የከረመ ልማድ ነው። አጥር ወይም ገንዳ መሥራት ካማረዎት መጀመሪያ ስምምነት ይፈርሙ። ያለ ፈቃድ የተሠራ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልማድ እንምጣ። አገር ቤት የአንዱ ላም በሌላው ደጅ ማደሯ፣ ርቢ ወይም የእኩል ብሎ መስጠት፣ የጓደኛን አሥር ፍየል «አብራ ትግጥ» ብሎ መቀላቀል የመልካም ሰውነት ምልክት ነው። እዚህ በፈቃድዎ የሚግጠው ከብት የእርስዎ ካልሆነ ነገሩ ይለወጣል። የሌላ ሰው ከብት የሚያስገቡት ቢሮው በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ለእሱም ተጨማሪ ክፍያ አለ፦ በስቴቱ የግል ኪራይና በፌዴራሉ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት 35 በመቶ በእያንዳንዱ ኤ.ዩ.ኤም. ላይ። የራስዎ ልጆች ከብት ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው። ፈቃዱን ራሱን ለሌላ ማከራየት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ ገንዘብ ሊያዋጣ ከፈለገ በማኅበሩ ውስጥ በስሙ ይግባ፣ ወይም ገንዘቡን በብድር ውል ይስጥ። የእኩል ከብት ካለ ይነገር። ሳይነገር የተገኘ ከብት እንደ ወራሪ ይቆጠራል፦ ሳያውቁ ከሆነ የበላው ሣር በግል ዋጋ ይታሰባል፣ አውቀው ከሆነ እጥፍ፣ ከደጋገሙት ሦስት እጥፍ። ከቀኑ አስቀድሞ መግባትና ዘግይቶ መውጣትም በዚሁ ይዳኛል።

9. መውጫውን ከበዓሉ ጋር ያስማሙ

ፍየሎቹ ከወጡ በ15 ቀን ውስጥ በተግባር ስንት ከብት፣ ስንት ቀን እንደጋጠ የሚገልጽ ሪፖርት እንዲያስገቡ ሊጠየቁ ይችላሉ። ደብተሩ ለዚህ ነው።

ገበያውን በተመለከተ እንቁጣጣሽና መስቀል ፍየሎቹ ተራራ ላይ እያሉ ይደርሳሉ። እነሱን ለመሸጥ መኪና የሚገባበት ቦታ ላይ ተነቃቃይ በረት ያስፈልግዎታል፤ አለበለዚያ ሦስት ፍየል ለመያዝ ሙሉ ቀን ይሮጣሉ። ለገና የሚሸጠው ከወጣ በኋላ ሁለት ወር ያህል ድርቆሽ ይበላል። ለፋሲካ የሚሸጠው ክረምቱን ሙሉ ይቀለባል፤ ዋጋው የክረምቱን ወጪ ካልሸፈነ በገና መጨረስ ይሻላል። የሙስሊም ወገኖቻችን ዒድ አል-አድሐ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዘንድሮው ዕቅድ ለከርሞ አይሠራም። ሥጋ ሳይሆን በነፍሱ ያለ ፍየል መሸጥ ለጀማሪ ይቀላል፤ ሥጋ መሸጥ የፌዴራል ወይም የስቴት ቁጥጥር ያለበት ቄራ ይፈልጋል።

10. በሩ ካልተከፈተ በጎን ይግቡ

መነሻ ይዞታ ማግኘት ካልቻሉ አገሩ አልተዘጋም። የስቴት መሬት ቢሮዎች ግጦሽ ያከራያሉ፤ ኮሎራዶ ብቻ ወደ 2.8 ሚሊዮን ኤከር አላት። ዋጋው ከፌዴራሉ ይወደዳል፤ ክፍት ቦታ ሲገኝ ግን በጨረታ ወይም በማመልከቻ መወዳደር ይቻላል። በዝርዝራቸው ላይ ስምዎን አስመዝግበው ማስታወቂያ ሲወጣ እንዲደርስዎ ያድርጉ። በኮሎራዶ በቦልደር ዙሪያ እንዳሉት ያሉ ከተሞችና ካውንቲዎችም ክፍት መሬታቸውን ለአርቢ ያከራያሉ፤ ከከተማ ቅርብ ስለሆኑ የቀን ሥራውን ሳይተው ለሚጀምር ሰው ይስማማሉ።

ለፍየል ብቻ የሚሠራ ሌላ በርም አለ፦ ኪራይ ከመክፈል ይልቅ መከፈል። ከተሞች፣ ፓርኮችና የመሬት ቢሮዎች አረም ለማስጠፋትና የእሳት ማገዶ የሚሆነውን ቁጥቋጦ ለማስበላት ፍየል ይቀጥራሉ። የሚያስፈልግዎ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መረብ አጥር፣ የውኃ ታንክ፣ ተጎታች ጋሪ፣ ሌሊት የሚያድር እረኛ ወይም ውሻ እና የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንሱን ችላ አይበሉ፤ አጥር የዘለለች አንዲት ፍየል የሰው ጽጌረዳ ጨርሳ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ይበቃታል። ሥራው ሲያልቅ ከአሠሪው ስንት ፍየል፣ ስንት ኤከር፣ ስንት ቀን እንደሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበሉ። መሬቱን ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሱት። ከሁለት ዓመት በኋላ መነሻ ይዞታ አግኝተው የቢ.ኤል.ኤም. ቢሮ ሲቀርቡ ባለሙያው ከዚህ በፊት መሬት እንዴት እንደያዙ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ያን ደብዳቤና ያን ፎቶ ያኔ ያወጡታል።